ስለ ወፍ መመልከቻ መነጽሮች፤ ውዱ ከመካከለኛው የሚበልጠው በምንድን ነው?

በኮሌጃችን ውስጥ ወፎችን ለመመልከትና ለመመዝገብ በየሳምንቱ ቅዳሜ የምንወጣ ጥቂት ተማሪዎች ነን። ከራሳችን መዋጮ፥ ከመምህራንና ከቀድሞ ተማሪዎችም በተገኘ ርዳታ ገንዘብ ስላጠራቀምን፥ በዚህ ገንዘብ ምን ዓይነት መነጽር ይገዛ የሚለው ጥያቄ ሁለት ስብሰባ ሙሉ አከራክሮናል። እኩሌቶቹ «ገንዘቡ ሳይበተን በዓለም ከሚሠሩት ሁሉ የበላይ የሆነው አንድ መነጽር ይገዛልን» ይላሉ፤ እኩሌቶቹም «በአንዱ ዋጋ አራት ደህና ደህና መነጽሮች ስለሚገኙ አራት ሰው ይይበት» ይላሉ። በሁለቱም ወገን የተናገሩት አጥብቀው ተናገሩ እንጂ፥ ውዱ መነጽር ከመካከለኛው በምን በምን እንደሚበልጥ፥ ብልጫውስ ምን ያህል እንደ ሆነ በቁጥር ያስረዳ አልነበረም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ያን ጉድለት ለመሙላት ነው። መነጽር ስንልም ሩቅ ለማየት የሚያገለግለውን ባለ ሁለት ቱቦውን ማለታችን ነው እንጂ ለንባብ የሚደረገውን አይደለም።

ነገሩ ለምን እንዳሳሰበን ለመግለጽ አንድ ስሕተታችንን አስቀድመን እንናዘዛለን። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው በገፈርሳ ግድብ አጠገብ በጥር ወር ስንዘዋወር፥ በሜዳው መካከል በድንጋይ ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ቡናማ ንስር አየን። በእጃችን የነበረው መነጽር ከገበያ የተገዛ፥ በላዩ ላይ 20×50 የሚል ቁጥር በወርቅ ቀለም የተጻፈበት ነበር። ቁጥሩ ትልቅ በመሆኑ እንኮራበት ነበር። ሦስታችን ተራ በተራ አየንና፥ ዓመቱን ሙሉ በአገራችን የሚኖረው ዳማ ንስር ነው ብለን በመዝገባችን ጻፍን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከእኛ ጋር የወጡት መምህር በራሳቸው ባለ 8 መነጽር ተመልክተው «የአፉን ጥግ አያችሁት?» ብለው ጠየቁን። ማንም አላየውም። በዳማው ንስር ላይ ቢጫው የአፍ መስመር እስከ ዓይኑ መካከል ድረስ ብቻ ይደርሳል፤ በእስቴፕ ንስር ላይ ግን እስከ ዓይኑ የኋላ ጫፍ ይዘልቃል። የኛው ንስር የእስቴፕ ንስር ነበር። ይህ ንስር በክረምታቸው ጊዜ ከእስያ ሜዳዎች ተነሥቶ ወደ አፍሪቃ የሚወርድ ነው፤ ቁጥሩም እጅግ እየቀነሰ ስለ ሄደ በኤውሮጳ አቆጣጠር ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት ከተቃረቡት ወፎች ጋር ተቆጥሯል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ ቁጥሩ ሊመዘገብለት የሚገባውን እንግዳ ወፍ በአገሬው ወፍ ስም ጽፈነው ነበር ማለት ነው።

አሁን የምንጠይቀው ይህ ነው፤ ባለ 20 መነጽር ያላሳየውን ባለ 8 መነጽር እንዴት አሳየ?

በመነጽር ላይ የሚጻፉት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። 8×42 ሲባል ፊተኛው ቁጥር ነገሩን ስምንት ጊዜ ያህል እንደሚያቀርበው፥ ኋለኛው ቁጥር ደግሞ የፊተኛው መስተዋት ስፋት 42 ሚሊሜትር እንደ ሆነ ያመለክታል። ሁለተኛው ለመጀመሪያው ሲካፈል አንድ ሦስተኛ ቁጥር ይወጣል፤ ይኸውም ከመነጽሩ ወጥቶ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። መነጽሩን ከዓይናችን አርቀን ወደ ብሩህ ሰማይ ብናቀናው ይህ ክብ በመስተዋቱ መካከል እንደ ትንሽ ሳንቲም ሆኖ ይታያል። ለ8×42 ስፋቱ 5.25 ሚሊሜትር ነው፤ ለ10×42 ደግሞ 4.2 ነው። የኛ 20×50 ግን 2.5 ሚሊሜትር ብቻ ነበረው። የሰው የዓይን ብሌን በቀትር ብርሃን ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ይሆናል፤ በምሽት ግን የወጣቶች ብሌን እስከ 7 ሚሊሜትር ድረስ ይከፈታል። ስለዚህ በማለዳና በምሽት፥ ማለት ወፎች በሚንቀሳቀሱበት ሰዓት፥ ጠባብ ክብ ያለው መነጽር ዓይንን በብርሃን ያስርበዋል። በቀን ብርሃንም ቢሆን ጠባቡን ክብ ከብሌን ጋር ማጋጠም ስለሚያስቸግር፥ እጅ ትንሽ ሲነቃነቅ ሥዕሉ ብልጭ ብሎ ይጠፋል።

ዋናው ጉዳት ግን የእጅ መንቀጥቀጥ ነው። መነጽር ወፉን ብቻ አያጎላም፤ የእጃችንንም መነቃነቅ በዚያው ልክ ያጎላዋል። ባለ 20 መነጽር በእጅ ሲያዝ ንስሩ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሳይሆን በድንጋይ ላይ ሲጨፍር ይታያል። የአፉን ጥግ ቀርቶ ጭንቅላቱን ለመለየት እንኳ ያዳግታል። የጃፓኑ ካኖን ኩባንያ በባትሪ ኃይል ሥዕሉን የሚያረጋጋ መነጽር እስከ መሥራት የደረሰው ይህን ችግር ለማስወገድ ነው፤ ዳሩ ግን 10×42 የሆነው መነጽሩ ከዚህ በታች ከምናነሣቸው ሁሉ ይከብዳል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር የቆመ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምርበታል። ከረፋዱ በኋላ መሬቱ ሲግል ከላዩ የሚነሣው የሞቀ አየር ብርሃኑን ስለሚያወዛውዘው፥ በአቢጃታ ዳር የሚታየው የውሃ ወፍ በውሃ ውስጥ እንዳለ ጨርቅ ይርገበገባል። ይህን ማንኛውም መነጽር፥ በማንኛውም ዋጋ ቢገዛ፥ አያስተካክለውም፤ ማጉላቱ በጨመረ መጠን ርግብግቡም ይጎላል። ስለዚህ በወፍ ተመልካቾች ዘንድ 8 እና 10 የተወደዱት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛም በበኩላችን 8ን እንመርጣለን።

ይህ ከታወቀ ዘንድ ሁለቱ ወገኖች የሚከራከሩት በ8×42 መነጽሮች መካከል ነው ማለት ነው። ቁጥራቸው አንድ ከሆነ ታዲያ አንዱ ከሌላው አራት ወይም አምስት እጥፍ የሚያወጣው ስለ ምንድን ነው? ይህን ለመረዳት በቱቦው ውስጥ ያለውን መመልከት ያስፈልጋል።

ሁለት መስተዋት ብቻ ያለው የሩቅ ማያ ነገሩን ገልብጦ ስለሚያሳይ፥ ሥዕሉን መልሶ ለማቅናት በመካከል ፕሪዝም የተባለ የተጠረበ መስተዋት ይገባል። ይህን ዘዴ ኢጣሊያዊው ኢግናትስዮ ፖሮ በ1854 በስሙ አስመዘገበው፤ በ1894ም በጀርመን አገር በየና ከተማ የነበረው የካርል ዛይስ ፋብሪካ፥ በሊቁ በኤርንስት አበ መሪነት፥ በዚህ ዘዴ የተሠሩ መነጽሮችን ለገበያ አወጣ። ትከሻ ያለው፥ የፊተኛው መስተዋት ከኋለኛው ወደ ጎን የወጣው የጥንቱ መነጽር ይህ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን አንድ መምህራችን እንደዚህ ያለ 7×50 ነበራቸውና፥ ወፍ ማየት የጀመርነው በእርሱ ነው፤ ክብደቱ አንገት የሚሰብር ቢሆንም ሥዕሉ እስከ ዛሬ ከዓይናችን አልጠፋም። ዛሬ የሚወደደው ግን ቱቦው ቀጥ ያለው ነው። በዚህኛው ውስጥ ያለው ፕሪዝም አንዱ ገጹ እንደ ቤት ክዳን ሁለት ተዳፋት ስላለው የጣራ ፕሪዝም ይባላል። መነጽሩን ቀጭንና ለመያዝ የተመቸ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ሦስት ጣጣ ያመጣል፤ የዋጋውም ምሥጢር በአብዛኛው ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛ፥ የጣራው ሁለት ተዳፋቶች የሚገናኙበት ማዕዘን በጣም ጥቂት ቢዛነፍ ሥዕሉ ለሁለት ስለሚከፈል፥ ፕሪዝሙ እጅግ በጠነከረ ትክክለኛነት መጠረብ አለበት። ሁለተኛ፥ በብዙዎቹ የጣራ ፕሪዝሞች ላይ ከገጾቹ አንዱ ብርሃኑን በራሱ ኃይል ሙሉ በሙሉ አይመልስምና እንደ መልክ ማያ መስተዋት መቀባት ያስፈልገዋል። በአሉሚኒየም ከተቀባ ከብርሃኑ ከመቶ ዐሥር ያህሉ ይቀራል፤ በብር ከተቀባ ይሻላል፤ በብዙ ስስ ንብርብር ከተለበጠ ግን ከመቶ 99 በላይ ይመልሳል። ሦስተኛ፥ በጣራው ላይ ለሁለት ተከፍሎ የሄደው ብርሃን ተመልሶ ሲገናኝ ሞገዱ ስለማይገጥም ሥዕሉ ትንሽ ይደበዝዛል። ለዚህ መድኃኒት የሆነውን ልባስ ዛይስ በ1988 አወጣ። ከዚያ በፊት የተሠሩት ባለ ጣራ መነጽሮች ከጥንቶቹ ባለ ትከሻዎች በጥራት ያንሱ የነበሩት በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ላይ የመስተዋቶቹ የራሳቸው ጉዳይ አለ። ያልተለበጠ መስተዋት ብርሃን በገጹ ሲያልፍ ከመቶ አራት ያህሉን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። በአንድ መነጽር ውስጥ ብርሃኑ ዐሥር ገጽ ቢያልፍ እንኳ የሚደርሰው ከመቶ 66 ብቻ ነው፤ የተመለሰውም በቱቦው ውስጥ እየተንከራተተ ሥዕሉ ላይ እንደ ጭጋግ ይወርድበታል። በ1935 የዛይስ ሠራተኛ የነበሩት አሌክሳንደር ስማኩላ ገጹን በስስ ልባስ በመሸፈን ይህን ጥፋት የሚቀንሱበትን መንገድ አገኙ። ዛሬ በብዙ ንብርብር የተለበጠ ገጽ የሚያጠፋው ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

አሁን ወደ ማነጻጸሩ እንግባ። በዛሬው ጊዜ የመጨረሻውን ደረጃ ይዘዋል የሚባሉት ሦስት ናቸው፤ የኦስትሪያው ስዋሮቭስኪ ኤንኤል ፒዩር፥ የጀርመኖቹ ዛይስ ቪክቶሪ ኤስኤፍና ላይካ ኖክቲቪድ። ስዋሮቭስኪ የመነጽር ፋብሪካውን ያቋቋመው በ1949 በቲሮል ተራሮች ውስጥ ባለችው በአብዛም ነው። ዛይስና ላይካ ደግሞ ለመነጽር ሥራቸው ሁለቱም በአንዲት ትንሽ ከተማ፥ በቬትስላር፥ ጎረቤታሞች ናቸው። የእያንዳንዳቸው ዋጋ ከ2000 ዩሮ በላይ ነው። ከመካከለኞቹ ለምሳሌ የወሰድነው የጃፓኑን ኒኮን ሞናርክ ኤም 7 ነው፤ ዋጋው የእነዚህ ሩብ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው።

ሦስቱን በአንድ ቀን ለማየት ዕድል የገጠመን በደብረ ሊባኖስ ነው። ወፍ ሊያዩ ከኤውሮጳ የመጡ እንግዶች ከገደሉ አፋፍ ላይ አግኝተውን፥ የያዝነውን አሮጌ መነጽር ተመልክተው አዘኑልን መሰለን፥ የየራሳቸውን አንድ ሰዓት ያህል አዋሱን። በዚያ ቦታ በገደሉ ግድግዳ ላይ ነጭ ምንቃር ያለው የአገራችን ጥቁር ወፍ ይመላለሳል፤ ከበላዩም አጥንት ከሰማይ እየለቀቀ በድንጋይ ላይ የሚሰብረው ጢማም አሞራ ያንዣብባል። መነጽርን ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ቦታ ይገኛል ብለን አናምንም። ጨለማ የሆነ የገደል ጥላ፥ የሚያቃጥል ሰማይ፥ ቅርብና ሩቅ በአንድነት አሉበት።

በመጀመሪያ የተሰማን የእይታ ስፋት ልዩነት ነው። ፋብሪካዎቹ ይህን የሚገልጹት በ1000 ሜትር ርቀት ላይ ምን ያህል ሜትር ስፋት እንደሚታይ በመናገር ነው። በ8×42 መጠን ኤንኤል ፒዩር 159 ሜትር፥ ቪክቶሪ ኤስኤፍ 148 ሜትር፥ ኖክቲቪድ 135 ሜትር ያሳያሉ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚታየው ክብ ስለ ሆነ ስፋቱን በስፋቱ ማባዛት ያስፈልጋል። እንዲህ ሲሰላ የስዋሮቭስኪው መስክ ከላይካው ከመቶ 39 ያህል ይሰፋል። በዛፍ ቅጠል ውስጥ የምትሽሎከሎክን ድምቢጥ ለማግኘት ወይም ከገደል የሚወረወርን ወፍ ለመከተል ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ኤንኤል ፒዩሩን የያዘው ጓደኛችን ወፉ ሳያመልጠው ሦስት ጊዜ ሲያሳየን እኛ ገና እንፈልግ ነበር። ከ2020 ጀምሮ የሚሸጠው ይህ መነጽር ቱቦው መካከል ላይ ስለ ቀጠነ ለእጅም ይመቻል። ስፋቱ እስከ ጠርዙ ድረስ ጥርት ያለ ነው። ይሁን እንጂ ጠርዙን እንዲህ የሚያስተካክሉ መነጽሮች አንድ ባሕርይ አላቸው፤ መነጽሩን ወደ ጎን ፈጠን አድርገው ሲያዞሩት አገሩ በሙሉ በኳስ ላይ የተለጠፈ ይመስል ይንከባለላል። ከመካከላችን አንዱ አዞረኝ ብሎ መልሶ ሰጠ፤ ሌሎቻችን ምንም አልተሰማንም። እንግዲህ ይህ በሰው ሰው የሚለያይ ነው።

ቪክቶሪ ኤስኤፍ የሚደነቀው በአያያዙ ነው። ክብደቱ ወደ 780 ግራም ሲሆን ኤንኤል ፒዩር ወደ 840፥ ኖክቲቪድ ወደ 860 ግራም ይሆናል። የዛይስ መሐንዲሶች ክብደቱን ወደ ዓይን በኩል ስላመጡት እጅ ላይ ከቁጥሩም ይልቅ ይቀላል፤ ይህም ያልነውን የእጅ መንቀጥቀጥ ይቀንሳል። እስከ አንድ ሜትር ተኩል ድረስ ቅርብ ያለውን ነገር አጥርቶ ስለሚያሳይ ለቢራቢሮም ያገለግላል። ኖክቲቪድ በስፋቱ ያንሳል፤ ነገር ግን የቀለሙ ድምቀትና የጥላው ጥቁረት ከሦስቱ ሁሉ እኛን የማረከን እርሱ ነው። በገደሉ ጥላ ውስጥ የነበረውን ጥቁር ወፍ የላባ ብልጭታ በእርሱ ባየንበት ሁኔታ በሌሎቹ አላየነውም። የዓይን መስተዋቱና የዓይናችን ርቀት 19 ሚሊሜትር ድረስ ስለሚፈቅድ የንባብ መነጽር ለሚያደርግ ሰው ይመቻል፤ የሌሎቹ ሁለቱም 18 ስለ ሆነ ደህና ነው። ሦስቱም በሰማይ ጀርባ ላይ የሚበርረውን ቁራ ሲያሳዩ በክንፉ ጠርዝ ላይ ሐምራዊና አረንጓዴ ጥለት የለበትም ለማለት ይቻላል፤ ይህም ፍሎራይድ ያለበት ልዩ መስተዋት ሥራ ነው።

ስለ ብርሃን ብዙ ይወራል። ፋብሪካዎቹ የስዋሮቭስኪው ከመቶ 91፥ የዛይስና የላይካው ከመቶ 92 ብርሃን ያሳልፋሉ ይላሉ። የሰው ዓይን ግን የአንድና የሁለት ከመቶ ልዩነት ሊያውቅ አይችልም። በዚህ ቁጥር መነጽር የሚመርጥ ሰው በወረቀት ላይ ያያል እንጂ በመነጽር አያይም።

አሁን በዚህ ሁሉ መካከል ኒኮን ሞናርክ ኤም 7 የት ይቆማል? የእይታ ስፋቱ 145 ሜትር ነው፤ ማለት ከላይካው ይሰፋል፥ ለዛይሱም ጥቂት ይቀረዋል። ክብደቱ 670 ግራም ስለ ሆነ ከሦስቱም ይቀላል። የጣራውን ሞገድ የሚያስተካክለው ልባስና የቀለም ጥለት የሚቀንሰው መስተዋት አለው፤ ውሃና አቧራም እንዳይገባበት ተዘግቶ በናይትሮጅን ተሞልቷል። ከሠላሳ ዓመት በፊት የታላላቆቹ ብቻ የነበረው ነገር ሁሉ ዛሬ ወደ እርሱ ወርዷል። የሚያንሰው ጠርዙ ላይ ነው፤ ወደ ዳር ሲሄድ ሥዕሉ ይሟሟል። ፀሐይ በጎን በኩል ስትሆንም ጭጋግ ይገባበታል። ቅርብ የሚያሳየው ከሁለት ሜትር ተኩል ጀምሮ ነው።

የማየት ኃይልን በሚመለከት ግን አንባቢ አብሮን ያስላ። ጤናማ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው የአንድ ደቂቃ ማዕዘን፥ ማለት 60 ሴኮንድ፥ ሲራራቁ ነው። በ42 ሚሊሜትር መስተዋት በኩል የብርሃን ተፈጥሮ የሚፈቅደው ከዚያ በጣም ያነሰ፥ 2.8 ሴኮንድ ያህል ነው። ይህ በስምንት ሲጎላ 22 ሴኮንድ ይሆናል። ዓይናችን ግን ከ60 በታች አያይም። ስለዚህ በደንብ የተሠራ ማንኛውም 8×42 መነጽር ዓይናችን ሊጠቀምበት ከሚችለው በላይ አጥርቶ የማሳየት ኃይል አለው፤ ማነቆው እጃችንና ዓይናችን ናቸው። የንስሩን የአፍ ጥግ በ100 ሜትር ርቀት ላይ ኤንኤል ፒዩር የሚያሳየውን ያህል፥ ክንዱን በድንጋይ ላይ ያስደገፈ ሰው በኤም 7 ያየዋል። በውዱ መነጽር ላይ የሚከፈለው ትርፍ ገንዘብ ለጥራት ብቻ አይደለም፤ ለጠርዙ፥ ከፀሐይ አንጻር ለመቆም፥ ለምሽቱ የመጨረሻ ሩብ ሰዓት፥ ከሁሉ በላይ ግን ስድስት ሰዓት ሙሉ ሲያዩ ውሎ ራስን ሳያም ለመመለስ ነው። ወፍ ማየት ሥራው ለሆነ ሰው፥ ለምሳሌ እንግዶችን ለሚመራ ባለሙያ፥ ይህ ዋጋውን ያወጣል ብለን እናምናለን።

ለእኛስ? የእኛ ዋና ሥራ በየዓመቱ በጥር ወር ገደማ በዓለም ዙሪያ በሚደረገው የውሃ ወፎች ቆጠራ ጊዜ መርዳትና በየሳምንቱ መመዝገብ ነው። በገፈርሳ ውሃ ዳር ክንፈ ሰማያዊውን ዝይ ስንቆጥር፥ አንድ ሰው በአንድ መነጽር በስተ ምሥራቅ ሲያይ በስተ ምዕራብ ያሉት ተነሥተው ይበርራሉ። አራት ዓይን ያስፈልጋል። አዲስ ገቢ ተማሪም ወፍ መለየትን የሚማረው መነጽሩ በራሱ አንገት ላይ ሲንጠለጠል ነው እንጂ ተራውን ሲጠብቅ አይደለም፤ ተራው እስኪደርስ ወፉ አይጠብቀውምና። በአገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች አሉ፤ እነዚህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ከሁሉ በፊት የእይታ ሰዓት ነው።

የተቃራኒው ወገን ሁለት ጠንካራ ነገር ተናግሯል፤ አናልፈውም። አንደኛው ታላላቆቹ መነጽሮች ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለግላሉ፥ ስለዚህ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ይተርፋሉ የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን አንዱ ብቻ ከሆነና ከገደል ላይ ከወደቀ፥ ለጥገና ወደ ቲሮል ወይም ወደ ቬትስላር ተልኮ እስኪመለስ ማኅበሩ በሙሉ ዕውር ሆኖ ይቆያል። ሁለተኛው፥ አስቸጋሪ ወፎች ሲያጋጥሙ ዳኛ የሚሆን አንድ የበላይ መነጽር ያስፈልጋል የሚለው ነው። እኛ ደግሞ ዳኛ ካስፈለገ በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የሚቆም ቴሌስኮፕ ነው እንላለን። እጅ ስለማይነካው አይንቀጠቀጥም፤ ሠላሳ ጊዜ ሲያጎላም ንስሩ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ይቆያል። በመካከለኛና በበላይ መነጽር መካከል ካለው ልዩነት ይልቅ በእጅና በማቆሚያ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ይበልጣል። (ለነገሩ በአገራችን ካሉት ወፎች ሁሉ ስመ ጥሩ የሆነው የነጭ ሳር የሌሊት ወፍ አዳኝ ያለ ምንም መነጽር ነው የተገኘው። በ1990 በነጭ ሳር ሜዳ መንገድ ላይ መኪና ከገጨው ወፍ አንድ ክንፍ ተለቅሞ፥ በ1995 በዚያ ክንፍ ብቻ አዲስ ዓይነት ተብሎ ተሰየመ።)

ስለዚህ አስተያየታችን ሦስት 8×42 መካከለኛ መነጽሮች ተገዝተው፥ የቀረው ገንዘብ ለአንድ ቴሌስኮፕና ለጠንካራ ማቆሚያ ይሁን የሚል ነው። ሲገዛም የሚከተለው ይፈተን፤ ሁለቱ የብርሃን ክቦች ሙሉ ክብ ይሁኑ እንጂ ጠርዛቸው የተቆረጠ አይሁን። የቤት ክዳን ጠርዝ በሁለቱም ዓይን ሲታይ አንድ መስመር ይሁን፤ ሁለት ከሆነ ቱቦዎቹ ተዛንፈዋልና ራስ ያሳምማል፥ አይገዛም። በሰማይ ላይ ያለ የስልክ ሽቦ ታይቶ የቀለም ጥለቱ ይመርመር። ፀሐይ በጎን ሆና ጥላ ያለበት ዛፍ ይታይ፤ ፀሐይን ራሷን ግን ማንም በመነጽር እንዳያይ፥ ዓይን ይጠፋልና። የንባብ መነጽር የሚያደርጉ አባሎች ከነመነጽራቸው ይሞክሩት።

ከተገዛም በኋላ ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። የሁለቱ ዓይኖቻችን ኃይል እኩል ስላልሆነ በቀኝ በኩል ወይም በመካከለኛው ጎማ ላይ የልዩነቱ ማስተካከያ ቀለበት አለ። በመጀመሪያ የቀኙ ተሸፍኖ በግራ ዓይን ብቻ በመካከለኛው ጎማ ይጥራ፤ ከዚያ ግራው ተሸፍኖ ቀኙ በቀለበቱ ይስተካከል፤ የቆመበትም ቁጥር ይመዝገብ፤ መነጽሩ ከሰው ሰው በተላለፈ ቁጥርም ይህ ይደገም። በደብረ ሊባኖስ ካዋሱን እንግዶች አንዱ መጀመሪያ ያደረገው ይህን ነበር፤ እኛ ግን በገፈርሳ ያን 20×50 ለሁለት ዓመት ስንጠቀም ቀለበቱ መኖሩንም አላወቅንም ነበር።

ገንዘቡ እስካሁን በገንዘብ ያዣችን እጅ ነው። ድምፅ የሚሰጠው በሚመጣው ወር የመጀመሪያ ዓርብ ከትምህርት በኋላ በሥነ ሕይወት ክፍል አዳራሽ ነው፤ አንዱ ይገዛ የሚሉት ወገኖችም ከዚያ በፊት መልሳቸውን ለመጽሔቱ አዘጋጅ ቢልኩ ደስ ይለናል።